«እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው»

ባሕር ማዶ የሚጻፉ የምናብ ዓለም ልቦለዶችን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ዘንዶው ሊቀር ይችላል፣ ጠንቋዩም ሊቀር ይችላል። የመንገድ ዳር ማደሪያ ቤቱ ግን ፈጽሞ አይቀርም። ዝናብ ይዘንባል፣ መንገደኛው ደክሞታል፣ ከሩቅ አንድ መብራት ብልጭ ይላል። በሩን ገፍቶ ሲገባ እሳት ይነዳል፣ መጠጥ ይቀዳል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ፊቱን በካባው የሸፈነ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ፒፓውን ያጨሳል። ታሪኩ የሚጀምረው እንግዲህ እዚያ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ሁሉ ስመ ጥሩ እንግሊዛዊው ቶልኪን የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በታተመው የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ ብሪ የምትባል መንደር አለች፤ በብሪ ውስጥ ደግሞ «ዘ ፕራንሲንግ ፖኒ» የሚባል ማደሪያ ቤት አለ። ባለቤቱ ወፍራም፣ ደግ፣ ሥራ የሚበዛበትና ዝንጉ ሰው ነው። ጋንዳልፍ የተባለው ጠንቋይ «አድርስልኝ» ብሎ የሰጠውን ደብዳቤ ረስቶ ወራት ያሳልፋል። ዓለም ለጥቂት ከመጥፋት የተረፈችው አንድ የሆቴል ባለቤት ደብዳቤ ረስቶባት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትን። ፖስታ ቤት ቆማችሁ የምታውቁ ትረዱናላችሁ።

እና አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሦስታችን አንድ ሻማ ከበን ተቀምጠን ሳለ ጥያቄው ተነሣ። ይሄን ዓይነት ታሪክ ሐበሻ ቢጽፈው ኖሮ ማደሪያ ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ሻማው ግማሽ እስኪደርስ ተከራከርን። የደረስንበት መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማደሪያ ቤት አይኖርም ነበር። ያገሩ ቤት ሁሉ ማደሪያ ነውና!

አስቡት እስቲ። የእኛ መንገደኛ ሲመሽበት ከሩቅ የሚፈልገው ከበሩ በላይ ሥዕል የተሰቀለበት ሆቴል አይደለም፤ ጢስ ነው። ጢስ ካለ ቤት አለ፣ ቤት ካለ ሰው አለ። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ውሃ ይሞቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። እንግዳው የባለቤቱ ሳይሆን የእግዜር ነው፤ የእግዜርን እንግዳ ደግሞ ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

እዚህ ላይ «ወይ ድሮ ቀረ!» ብላችሁ ለማልቀስ ከተዘጋጃችሁ መሐረባችሁን ጥቂት ያዙልን። ድሮም ሁሉ እንግዳ የእግዜር አልነበረም። የንጉሥ እንግዳ የሚባልም ነበር። ዘመቻ የሚያልፍበት ገበሬ ወታደር ቤቱ ድረስ ይመደብለታል። «ቤት ለእንግዳ» አለ አላለ ወታደሩ ይገባል፣ ይበላል፣ ያድራል፣ ሲያሰኘውም ይከርማል። ነገሩ እጅግ ስለከፋ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት የሚባለውን የእህል ግብር ሲጥሉ ዋናው ምክንያት ይኸው የወታደር ማሳደር መከራ ነበር። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ ይስጥ፣ ወታደሩም ከጎተራ ይሰፈርለት፣ ከሰው ቤት ይውጣ ነው ነገሩ። ስለዚህ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ስናወራ በፈቃዱ የከፈተውንና በግድ ያስከፈቱትን በር መለየት ደግ ነው። አያቶቻችን ልዩነቱን አሳምረው ያውቁት ነበር።

ለነገሩ ቋንቋችንም ከሌሊት ጋር ያለው ጉዳይ ልዩ ነው። አማርኛ መኖርን በሌሊት ነው የሚቆጥረው። ጠዋት የምንጠያየቀው «እንዴት አደርክ» ብለን ነው። «በምን ታድራለህ?» ማለት በምን ትተዳደራለህ ማለት ነው። የሚያርሰው አርሶ አደር፣ ከብት የሚያረባው አርብቶ አደር፣ በወዙ የሚኖረው ወዛደር ነው። ቀን የሠራኸው ሁሉ የሚለካው ሌሊቱን በማለፍህ ይመስላል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ «አደር» መካከል አንዱን ተመልከቱልን፤ «ሴተኛ አዳሪ»። ቃል በቃል ካየነው ሴት ሆና ማደሯን እንጂ ሌላ ምንም አይናገርም። ወንዱ አርሶም፣ አርብቶም፣ በወዙም ሲያድር ሞያ ሆነለት፤ ሴቲቱ በሴትነቷ ስታድር ስድብ ሆነባት። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ገንዘብ ተከፍሎ የሚታደርበት ቤት ወደዚህ አገር ሲመጣ ታዲያ ያመጣችው ሴት መሆኗ ደስ አይልም? ከቤታችን ቁልቁል ጥቂት ወርዳችሁ ፒያሳ ስትገቡ የምታገኙት እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገርለታል። ስለ አከፋፈቱም ሲወራ የኖረ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ተሠራ፣ ምግቡ ተሰናዳ፣ ግን የሚገባ ሰው ጠፋ። ሰውን አብልቶ ገንዘብ መቀበል ነውር፣ ከፍሎ መብላትም ነውር ነበርና። በመጨረሻ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ በልተውም ከፈሉ። ንጉሡ የከፈሉበትን ነውር ማን ሊለው?

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ለሳቅ ነው፤ እኛ ግን ቁም ነገሩ ይበልጥብናል። የዚያን ዘመን ሰው ያስጨነቀው ገንዘቡ አልነበረም። እንጀራ ከሸጥክ ነገ ምን አትሸጥም ነው ጭንቀቱ። የእቴጌይቱ መልስ ደግሞ ብልህ ነበር፤ ከተማ የሚባለው ነገር የማይተዋወቅ ሰው የሚሰበሰብበት ነው፣ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ደግሞ ዘመድ ቤት የለውም። ዘመድ የሌለው ሰው ማንንም ሳይለማመጥ፣ የማንም ባለውለታ ሳይሆን የሚያድርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከፍሎ ማደር ነፃነትም ነው ማለት ነው። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት የነበረበት ክፍል ሲነድ የፒያሳ ሰው ያዘነው ለሕንፃው ብቻ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላም ሆቴሉ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል።

ከዚሁ ከተማ ማደሪያ ቤቶች አንዱ ደግሞ፣ ባይገርማችሁ፣ የምናብ ዓለም ውስጥ ገብቷል። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ስለሆንን ይህቺን ሳናወራ ብናልፍ ዲግሪያችን ይታዘበናል። ኢቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ንግሥ ለመዘገብ አዲስ አበባ መጣ። በ1935 ደግሞ ጣልያን ልትወረን ስትሰናዳ የ«ዴይሊ ሜይል» ወኪል ሆኖ ተመልሶ መጣ። ሰውየው ለእኛ አያዝንም ነበር፤ ልቡ ወደ ጣልያን ያደላ እንደነበር ጽሑፎቹ ይመሰክራሉ። ያደረው ጀርመኖች በሚያስተዳድሩት አንድ ፔንሲዮን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1938 «ስኩፕ» የሚባል አስቂኝ ልቦለድ አሳተመ። እሽማኤሊያ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች የአፍሪካ አገር ፈጠረ፤ ፔንሲዮኑንም ስሙን ቀይሮ፣ ግቢው ውስጥ ፍየል አስሮ፣ ከነጀርመናዊት ባለቤቱ እዚያ ወስዶ ተከለው።

በልቦለዱ ውስጥ ላኩ የሚባል ከተማ አለ። ካርታ ላይ ተጽፏል። ጋዜጠኛው ሁሉ ጦርነቱ ያለው ላኩ ነው ተብሎ ጓዙን ጠቅልሎ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ጭቃውን እየዋኘ ይሄዳል። ላኩ ግን የሚባል ከተማ የለም! ካርታ ነዳፊው «ይህ ቦታ ምን ይባላል?» ብሎ ያገሩን ልጅ ሲጠይቅ ልጁ በቋንቋው «አላውቅም» ብሎ መልሶለት ነው «ላኩ» ተብሎ የተጻፈው። ሁሉም ወደ «አላውቅም» ሲዘምት ፔንሲዮኑን ሳይለቅ ከተማው ላይ የቀረው አንድ የዋህ ጋዜጠኛ የመፈንቅለ መንግሥቱን ትልቅ ወሬ ያገኛል።

ደራሲው ይህን የጻፈው በሞያ ጓደኞቹ ለመሳቅ ነው፤ በእኛም ስቋል። እኛ ግን ከሳቁ ውስጥ አንድ ትምህርት ለቅመን አስቀርተናል። ወሬ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም ያለው። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥም አለ። የማን በር እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚዘጋ፣ በስንት እንደሚከፈት ያየ ጋዜጠኛ የከተማውን ግማሽ ታሪክ አገኘ። እንግዲህ በዚሁ መሠረት ላኩን ትተን አፍንጮ በር እንቅር።

የምንኖረው አፍንጮ በር ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ያለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ሦስት ሆነን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተናል። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደውም በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ይልኩልናል። ሕግ ግን አላቸው። በር በ3 ሰዓት ማታ ይዘጋል። ምጣድ መጣድ አይቻልም፣ ቆጣሪ ይበላል። ልብስ ቅዳሜ ብቻ ይታጠባል፣ ከሮቶው የሚቀዳው በባልዲ ይቆጠራል። ዋናው ሕግ ደግሞ «እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው» የሚለው ነው። በር የሚል ስም ባለው ሰፈር ተቀምጠን ስለሚዘጋ በር መጻፋችን የእኛ ጥፋት አይደለም።

የዛሬ ዓመት ገደማ ከሦስታችን የአንዷ እናት ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ገጠር መጡ። ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሲመጡ አንድ ሙዳይ ሽሮ፣ አንድ ጠርሙስ ማርና የሆስፒታል ወረቀት ይዘዋል። አከራያችንን «እትዬ፣ እናት ናቸው፣ ታመው ነው የመጡት» ብለን ለመንን። እሳቸውም አዘኑ፣ ሦስት ሌሊት ፈቀዱ። «ልጆቼ፣ አንዱን ለሦስት ቀን ብዬ ሦስት ወር ተቀምጦብኛል። ውሃው የሁላችንም ነው። ዛሬ ለእናንተ ብፈቅድ ነገ አራቱም ክፍል ዘመዱን ያመጣል» አሉን። ሐሰት አልተናገሩም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ያለው የአገራችን ተረት ሮቶ ሳይፈጠር የተተረተ ነው።

ሆስፒታሉ ግን ቀጠሮ የሰጠው ለ11ኛው ቀን ነው። 11 ሲቀነስ 3፣ ይቀራል 8። ስምንት ሌሊት።

አልጋ ፍለጋ ወጣን። ሥራ ውለን የምንፈታው ማታ ነውና ሁለት ሆነን በ1 ሰዓት ገደማ አንድ ፔንሲዮን ገባን። እንግዳ ተቀባዩ ቀና ብሎ አየንና፣ ደህና አመሻችሁ እንኳ ሳይለን፣ «ለስንት ሰዓት ነው?» አለ። ለስምንት ሌሊት ነው አልነው። ሳቀ። ያቺ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን ያልናችሁ ቃል እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ ነበር። ሴት አልጋ ስትጠይቅ ሰዓት ይቆጠርላታል።

ሁለተኛው ጋ ዋጋው 500 ብር ነው። ለስምንት ሌሊት 4 ሺሕ። ተበድረን እንከፍላለን አልን። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ነው የምታድረው፤ እናት ደህና አያዩምና ማታ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ልጁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየን። ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ማደር አይችሉም ይላል። «እናትና ልጅ ናቸው እኮ!» «እህቴ፣ ወረቀቱ እናት አይልም።» እንግዲያው ሁለት ክፍል፣ 8 ሺሕ ብር። እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው፣ መሐላቸው ግድግዳ።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበባችሁ ሰብለ ወንጌልን አትረሷትም። ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ስትጀምር መነኩሴ መስላ ነው የሄደችው። በልጅነታችን ስናነበው ለታሪኩ ማጣፈጫ የገባ መስሎን ነበር። ያን ማታ ከፔንሲዮኑ ደረጃ ስንወርድ ግን ገባን፤ ለማጣፈጫ አልነበረም። መንገድ ላይ ሴት ሆኖ ማደር ስለማይቻል ነው። ለወንድ የሚከፈት በር ሁሉ ለሴት እኩል አይከፈትም፤ የእግዜር እንግዳ ለመባል እንኳ ቆብ መድፋት ነበረባት።

ስምንቱን ሌሊት ያሳደሯቸው ከግቢያችን ጀርባ ያሉ ጠላ ሻጭ እማማ ናቸው። የሚኖሩት በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከጓደኛችን እናት ጋር ተያይተው አያውቁም። እኛም የምናውቃቸው ጠላ በገዛን ቀን «ይጨመር ልጆቼ» ሲሉን ብቻ ነው። ወሬውን ማን እንደነገራቸው አናውቅም፤ ሰፈሩ አፍንጮ በር ነውና ግድግዳው ነግሯቸው ይሆናል። በአራተኛው ቀን ማለዳ መጥተው «እንግዳዬን ስጡኝ» አሉ። «የእኔ ቤት ጠባብ ናት እንጂ ፈቃድ የምጠይቀው ሰው የለብኝም።» አልጋቸውን ለቀቁላቸው፤ እሳቸው መሬት ላይ አነጠፉ። ሳንቲም አልነካ አሉ፤ ማሩን ግን ተቀበሉ። አገራቸውን የጠየቋቸው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም ቡና ላይ። ሁለቱ ሴቶች ማታ ማታ ስለ ሰብል ዋጋ ሲነታረኩ ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር።

የሚያሳስበን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ስምንቱን ሌሊት የሰጡን ሰዎች ካላቸው የተረፈ ክፍል ያላቸው አልነበሩም። ፎቅ ያላቸውም አልነበሩም። የሰጡን ከሁሉ የጠበበ ቤት ያላቸው ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ የተወራው ስለ ቅርስና ስለ ሕንፃ፣ ስለ ውበትና ስለ መንገድ ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ቤቶቹ ያረጁ፣ ሽንት ቤት ለአሥር ቤት አንድ የሆነባቸው ነበሩ፤ በዚያ መኖር መከራ እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ነው። የተሻለ ቤት ላገኘ ሰው ደስ ይበለው። ነገር ግን አንድ ሒሳብ አልተሠራም። ፒያሳና አራዳ የሆስፒታል፣ የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ ያለው ያገር ቤት ሰው እግሩ የሚረግጠው ሰፈር ነው። ያ ሰው ያድር የነበረው በዘመዱ የቀበሌ ቤት ወለል ላይ ነበር። ዘመዱ ከተማው ዳር ሲሄድ የእሱም ማደሪያ አብሮ ሄዷል፤ በምትኩ ምን እንደቀረለት የጠየቀው ግን የለም።

እኛ ተከራዮቹ ደግሞ ሌላ ነን። እናታችን ስትመጣ የምናስተኛበት ክፍል አለን፣ ግን የማስተኛት መብት የለንም። ለቤቱ እንከፍላለን፣ ቤቱ ግን በ3 ሰዓት ማታ የእኛ አይደለም። እድሜያችን ለአካለ መጠን ከደረሰ ቆይቷል፤ ግን «ቤት ለእንግዳ» ብለን አናውቅም። ይህን ቃል ሳይለው ያረጀ ትውልድ ቃሉን ለልጁ ከየት አምጥቶ ያስተምረዋል?

ታዲያ ምን ይሁን? እኛ ሕግ አውጪ አይደለንም፤ አንዲት ትንሽ ሐሳብ ግን አለችን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዟል። ውሉ በጽሑፍ ከሆነ እንግዲህ አንዲት መስመር ይጨመርበት። «ተከራይ በዓመት ይህን ያህል ሌሊት እንግዳ ማሳደር ይችላል፤ ለውሃና ለመብራት ይህን ያህል ይጨምራል» ትበል። አሥርም ይሁን ሃያ፣ አከራይና ተከራይ ይስማሙበት። አከራያችንን ያስፈራቸው እናትየዋ አይደሉም፤ መጨረሻው የማይታወቅ እንግዳ ነው። ቁጥር ሲገባበት ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ልመናውም ይቀራል። እቴጌ ጣይቱ ያስተማሩን ይህንኑ አይደለም? መክፈል ነውር አይደለም፤ መለማመጥ ግን ያደክማል። ፔንሲዮኖችም ያንን ወረቀት ከግድግዳው ያንሱልን ብንል ብዙ ጠየቃችሁ እንዳትሉን። ካላነሡትም «እናትና ልጅን አይመለከትም» ብለው በእስክሪብቶ ይጨምሩበት።

የምናብ ዓለም ልቦለድ የመጻፍ ሐሳባችንን አልተውነውም። ካርታው ተሠርቷል፣ ዘንዶው ገና ነው። ማደሪያ ቤቱ ግን አልቋል። መንገድ ዳር ነው፤ አንድ ክፍል ነው፤ ከደጁ የጠላ ጣሳ በእንጨት ላይ ተደፍቷል። ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ስለ ሰብል ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። ጀግናዋ በእግሯ መጥታ በሩን ስትመታ እንደ መነኩሴ ቆብ አልደፋችም፤ ለስንት ሰዓት ነው የሚላትም የለም። ጋንዳልፍ ደብዳቤ ቢሰጣቸውም አይረሱም፤ ማንበብ ስለማይችሉ ለጎረቤት ልጅ ያስነብቡታል እንጂ፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዛሬው ይኸው ነው። የራሳችሁን የአከራይ ሕግ ላኩልን፤ በምጣድ ክልከላ የሚበልጠን ካለ እናያለን። እስከዚያው ደህና እደሩ።